አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ የ«ማንጁመል ቦይስ» ጉድጓድ

በሕንድ የኬረላ ግዛት ቋንቋ በማላያላም ስለሚሠሩ ፊልሞች ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ፊልም ናቸው፤ እሱም በዳይሬክተር ቺዳምባራም ተሠርቶ በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024 የወጣው «ማንጁመል ቦይስ» ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ፊልሙን ገና ያላያችሁ አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል፤ መጨረሻውን ሳንነካ ስለ አሠራሩ ማውራት አንችልም።

ጥያቄ፦ ታሪኩ በእውነት የደረሰ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ ደርሷል። በ2006 በኬረላ ግዛት በኮቺ ከተማ ዳርቻ ካለችው ማንጁመል የተነሡ ጓደኛሞች ለሽርሽር ወደ ጎረቤት ግዛት ታሚል ናዱ፣ ወደ ኮዳይካናል ተራራ ሄዱ። እዚያም የተከለከለውን አጥር አልፈው ጉና ዋሻ ገቡና አንዱ በድንጋዮች መሃል ባለ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። የአካባቢው ሰዎችም ሆኑ ለማዳን የተጠሩት ባለሙያዎች አንድ ጊዜ ከገባ ሰው በሕይወት አይወጣም ብለው ያምኑ ነበር፤ ገመድ ታስሮ የወረደው ከጓደኞቹ አንዱ ነው። ያ ሰው በኋላ ከሕንድ መንግሥት የሕይወት አድን ሜዳልያ ተቀብሏል። በፊልሙ ወዳቂውን ስሪናት ባሲ፣ ወራጁን ደግሞ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ የሆነው ሶቢን ሻሂር ይጫወታሉ።

ቦታው ቀድሞ «የሰይጣን ወጥ ቤት» ይባል ነበር። ጉና የሚለውን ስም ያገኘው በ1991 ካማል ሃሳን የተወነበት «ጉና» የተሰኘ የታሚል ፊልም እዚያ ከተቀረጸ በኋላ ነው። ይህን ስም ልብ በሉልን፤ ስለ ዘፈኑም ስለ ገቢውም ስንመልስ ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የመድረክና የፊልም ግንባታ እሠራለሁ። ዋሻው ውስጥ ገብተው ነው የቀረጹት ወይስ ሠርተውት ነው? ሠርተውት ከሆነ እንዲህ ያለ የድንጋይ ግድግዳ እንዴት ይወጣል?

ከላይ የሚታየው የኮዳይካናል ጫካ፣ መንገዱና ጉሙ እውነተኛ ነው። ጉድጓዱና የዋሻው ውስጥ ግን በፕሮዳክሽን ዲዛይነሩ በአጃያን ቻሊሴሪ መሪነት በኬረላ፣ ፔሩምባቩር በሚገኝ መጋዘን ውስጥ የተገነባ ነው። እውነተኛው ጉድጓድ ካሜራ፣ መብራትና ሠላሳ አርባ ሠራተኛ አያስገባም፤ ቢያስገባም ማንም ኃላፊነቱን አይወስድም።

እንዲህ ያለው ግድግዳ በሙያው በተለመደው መንገድ በፋይበርግላስ ይሠራል። መጀመሪያ ጥሩ ስንጥቅና ሸካራነት ያለው እውነተኛ ድንጋይ ይመረጣል። ከአፈርና ከድንጋይ ሽበት በደንብ ከተጸዳ በኋላ ፈሳሽ ላቴክስ (ሲደርቅ ጎማ የሚሆን) ከ8 እስከ 10 ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ አንዱ ሽፋን ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። በመሃሉ ሻሽ ይገባበታል፣ አለዚያ ሲላቀቅ ይቀደዳል። ጎማው እንዳይልፈሰፈስ በላዩ የጂፕሰም ወይም የፋይበርግላስ ቅርፊት ይሠራለታል። ብዙዎች ጊዜ ለመቆጠብ ይህን ቅርፊት ይዘሉታል፤ ከዚያ የሚወጣው ድንጋይ የተነፋ ኳስ ይመስላል።

ድንጋዩ የሚወጣው በዚህ የጎማ ቅርጽ ውስጥ የፋይበር ንጣፍ በሬዚን (በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) እየራሰ ሲደረብ ነው። ወደ ሬዚኑ ስንመጣ፣ ለ1 ኪሎ ፖሊስተር ሬዚን የሚበቃው ማጠንከሪያ ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። በሞቃት ቀን ወደ 10 ቅረቡ። ማጠንከሪያው ከበዛ ሬዚኑ ራሱን አግሎ ይሰነጠቃል፣ በባልዲ ውስጥ በብዛት ከቆየ ደግሞ ሊጨስና ሊቀጣጠል ይችላል። ካነሰ ለቀናት እንደተጣበቀ ይቀራል፣ ቀለምም አይይዝም። የኮባልት ማፍጠኛ ለብቻው የሚመጣ ከሆነ በቅድሚያ ከሬዚኑ ጋር ይደባለቃል፤ ከማጠንከሪያው ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ይፈነዳል። ይህን ለረዳቶቻችሁ በቃል ብቻ ሳይሆን በጣሳው ላይ ጽፋችሁ ንገሩ። የሬዚኑ ሽታ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ራስ ያዞራል፤ አየር ማስወጫና የካርቦን ማጣሪያ ያለው ጭንብል የግድ ነው። ተራ የጨርቅ ጭንብል ምንም አያግድም።

በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን የፋይበር ንጣፍ ሁለት ድርብ ተደርጎ ሬዚን ሲጠጣ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለሚታይ ግድግዳ በቂ ነው። ተዋናይ የሚደገፍበት ወይም የሚረግጠው ቦታ ግን አራት ድርብና ከኋላው የብረት ማዕቀፍ ይፈልጋል፤ ያለ እሱ ድንጋዩ ሲነካ እንደ ቆርቆሮ ይረግባል፤ አንዴ ከረገበ የተመልካች እምነት አይመለስም።

የተለመደው ስንፍና ከአንድ ቅርጽ ሃያ ቁራጭ አውጥቶ ጎን ለጎን መደርደር ነው። ዓይን ድግግሞሽን ቶሎ ይይዛል። ሦስት አራት የተለያዩ ቅርጾች አውጡ፣ ቁራጮቹን አዙሩ፣ ገልብጡ፣ መጋጠሚያውን ቀጥታ መስመር አታድርጉት። ቀለሙ ከጨለማው ይጀምራል፦ መላውን በጥቁር ቡኒ መሸፈን፣ ከዚያ በስፖንጅ አፈርማውን፣ ቀጥሎ በብዙ ውኃ የቀጠነ አረንጓዴና ግራጫ ከላይ ወደ ታች ማንጠባጠብ፤ ውኃው በእውነተኛ ዋሻ ላይ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሂድ። ከሁሉም በላይ ግድግዳው ቁራጭ በቁራጭ እንዲነቀል ሥሩ። ካሜራው የሚገባበት ቀዳዳ ካልታሰበበት ዳይሬክተሩ በቀረጻው ቀን በመጋዝ ያስቆርጠዋል።

ጥያቄ፦ ጨለማ የተባለ ጉድጓድ ውስጥ ሆነን ሁሉን እናያለን፤ ግን ጨለማ መሆኑን አንጠራጠርም። ካሜራው ብቻ ነው ይህን ያደረገው?

ፊልሙን የቀረጸው ሻይጁ ካሊድ በማላያላም ሲኒማ ካሉት ቀዳሚ የካሜራ ባለሙያዎች አንዱ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ግማሹን ሥራ የሠራው ውኃ ይመስለናል። ደረቅ ድንጋይ ብርሃን ይበላል፤ እርጥብ ድንጋይ ግን ከአንዲት ደካማ መብራት በየጠርዙ ብልጭታ ይሰጣል፤ የቀረው ጥቁር ሆኖ ቢቀርም የዋሻው ቅርጽ ይነበባል። ስለዚህ ብርሃን ከመጨመር በፊት በጀርባ ማዝያ መርጫ ግድግዳውን አርጥቡ፤ ሲደርቅም በየቀረጻው መሃል መልሳችሁ እርጩ።

ሁለተኛው ነገር የብርሃኑ ምክንያት ነው። በጉድጓድ ውስጥ ብርሃን ሊመጣ የሚችለው ከላይ ካለው ቀዳዳ ወይም ሰው ከያዘው የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። ከጎን የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ፊትን ያሳምራል፤ ተመልካች ግን ስሙን ሳያውቀው «ስቱዲዮ ነው» ይላል። የቀዳዳውን ብርሃን ሰፊና ለስላሳ አድርጋችሁ ከላይ ስቀሉ፣ ፊቱን ከትክክለኛው መጋለጥ 2 ያህል ስቶፕ በታች ተዉት (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)። ባትሪው ወደ ግድግዳ ሲያበራ ተመልሶ ፊት ላይ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃ ከካሜራው ሥር ትንሽ ነጭ ካርቶን አስቀምጣችሁ ተዋናዩ ባትሪውን እንደ አጋጣሚ እዚያ ላይ እንዲያበራው ንገሩት።

ርካሽ የኤልኢዲ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት በምትቀርጹበት ፍጥነት ፈትኑት። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ በ1/48 ሰከንድ መዝጊያ በዓይን የማይታይ መርገብገብ ምስሉ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ጭሱንም አታብዙ። የብርሃን ጨረር እንደ መርፌ ጎልቶ ከታየ የዘፈን ክሊፕ ሆኗል።

ጥያቄ፦ የወደቀው ልጅ ሰውነት ላይ ያለው ቁስልና ጭቃ ከምን ነው?

ከብስኩት! ሜካፑን የሠራው ሮኔክስ ዛቪየር ሲሆን በስሪናት ባሲ ሰውነት ላይ ኦሪዮ ብስኩት እንደተጠቀመ የፊልሙ ሰዎች በቃለ መጠይቅ ተናግረዋል። የተፈጨ ጥቁር ብስኩት እርጥበት ሲነካው የደረቀ ደምና አፈር አንድ ላይ የተጋገረ ይመስላል፣ ቆዳ አይጎዳም፣ አፍ ውስጥ ቢገባም ችግር የለውም። ችግሩ ስኳሩ ነው፤ ጉንዳን መጥቶ ተዋናዩን ነክሶታል። ለምትሞክሩት፦ ትንሽ ትንሽ እየፈጫችሁ በዕለቱ ተጠቀሙ፣ ተዋናዩ የሚተኛበትን ቦታ ዙሪያውን በውኃ ከልሉ።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው ትዕይንት ያ ሁሉ ጎረምሳ አንድ ገመድ ለመሳብ የሚንገላታው ተጋኖ አይደለም? ሲያወርዱትኮ በቀላሉ ነበር።

የገመድ ሥራ የሚያውቅ ሰው በዚህ ቅር አይለውም። ገመዱ በድንጋይ ጠርዝ ላይ በ90 ዲግሪ ሲታጠፍ ሰበቃ ይፈጠራል፤ የሰበቃውን መጠን 0.5 ብንወስድ ጠርዙ ኃይሉን ወደ 2.2 እጥፍ ይለውጠዋል። ሰበቃው ሁልጊዜ እንቅስቃሴውን ይቃወማል፤ ሲወርድ ይረዳችኋል፣ ሲወጣ ይታገላችኋል። 70 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሰው ለማውረድ ከላይ ያሉት የሚይዙት 70 ለ2.2 ተካፍሎ 32 ኪሎ ያህል ነው፤ ሁለት ሰው ይበቃል። ሲመለስ ግን በገመዱ ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ 140 ኪሎ በ2.2 ሲባዛ ከ300 ኪሎ ያልፋል። ለአሥር ጎረምሳ ለእያንዳንዱ 30 ኪሎ ነው፣ ያውም በጭቃ ላይ ቆሞ፣ በረጠበ ገመድ። ማውረዱና ማውጣቱ ወደ አሥር እጥፍ ይራራቃሉ ማለት ነው። ጠርዙ ላይ የሚሽከረከር መዘውር ቢኖር ኖሮ የፊልሙ የመጨረሻ ሩብ ሰዓት አያስፈልግም ነበር።

ደግሞ ፊልሙ ይህን አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። ገና ሲጀምር በአንድ ሠርግ ላይ እነዚህ ልጆች ከሌላ ቡድን ጋር ገመድ ጉተታ ሲገጥሙ ታያላችሁ፤ የሰፈር ጉራ ይመስላል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ገመዱን ተሰልፈው ሲይዙ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ እንዴት እንደሚቆሙ፣ ማን ፊት ማን ኋላ እንደሚሆን አይተናል።

ራሳችሁ ተመሳሳይ ነገር የምትቀርጹ ከሆነ ግን በካሜራ የሚታየው ገመድ ተዋናዩን የሚሸከመው ገመድ መሆን የለበትም። ከልብሱ ሥር የወገብና የጭን ማሰሪያ፣ ከዚያ የተለየ ሁለተኛ መጠበቂያ ገመድ ያስፈልጋል። ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ተጠራቅሞ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል፤ መብራት እስኪስተካከል ተንጠልጥሎ አይጠብቅም፣ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አሰለቸኝ። ሽርሽር፣ መጠጥ፣ ቀልድ ብቻ። ኤዲተሩ ለምን አልቆረጠውም?

የእርስዎ ቅሬታ የብዙዎች ነው፤ እኛ ግን አንስማማም። አሥር ከሚበልጡት ጓደኛሞች የአብዛኞቹን ስም ፊልሙ ሲያልቅ እንኳ አያስታውሱትም፤ ያም ሆኖ የቱ ፈሪ፣ የቱ ተሳዳቢ፣ የቱ አኩራፊ እንደሆነ ያውቃሉ። ይህን የሰጠዎት ያ ግማሽ ሰዓት ነው። ተዋናዮችን የመረጠው የዳይሬክተሩ ወንድም ጋናፓቲ ነው፤ ራሱም ይተውናል። ሹፌሩን የሚጫወተው ካሊድ ራህማን ደግሞ በሙያው ዳይሬክተር ነው። በሁሉም ቦታ ታዋቂ ኮከብ ቢቀመጥ ኖሮ ማን እንደሚተርፍ ከፖስተሩ እናነበው ነበር።

ኤዲተሩ ቪቬክ ሃርሻን ያደረገው ብልህ ነገር የልጅነት ትዝታዎቹን መሃል ላይ መበተኑ ነው። ሕፃናቱ ውኃ ውስጥ ሲዘሉ፣ ድብብቆሽ ሲጫወቱ የምናየው በጉድጓዱ ጭንቀት መካከል ነው። እነዚያ ትዕይንቶች መጀመሪያ ላይ ተደርድረው ቢሆን ኖሮ በእርግጥ አሰልቺ ይሆኑ ነበር። አንድ ነገር ላይ ግን እንስማማለን፤ በ135 ደቂቃ ውስጥ ከመዳኑ በኋላ ያለው ክፍል ትንሽ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ድምፁ በጣም አስፈሪ ነው። በዋሻ ተቀርጾ ነው?

የፋይበርግላስ ግድግዳ የውስጡ ባዶ ስለሆነ ሲረገጥ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ግንባታ የሚቀረጽ ፊልም ኮቴውም፣ የድንጋይ መንሸራተቱም በኋላ በስቱዲዮ ይሠራል። ለገደል ማሚቶው ሒሳብ አለው፦ ጉድጓዱን 30 ሜትር ብናደርገው ድምፅ ደርሶ ለመመለስ 60 ሜትር ይሄዳል፤ በሰከንድ 340 ሜትር ሲሰላ 0.18 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚህ የረዘመ ማሚቶ ስታስገቡ ጉድጓዱ ካቴድራል ይሆናል። የሱሺን ሺያም ሙዚቃም የሚያስፈራው በየቦታው ስለሚቆም ነው።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ የሚሰማው የታሚል ዘፈን ከየት መጣ? የመብት ክርክር ተነሥቶበታል መባሉስ?

ዘፈኑ የ1991ዱ «ጉና» ፊልም ነው። ዜማው የኢላያራጃ፣ ግጥሙ የቫሊ፣ ድምፁ የካማል ሃሳንና የኤስ. ጃናኪ ነው። የዋሻው ስም ከመጣበት ፊልም የተወሰደ የፍቅር ዘፈን፣ ለጓደኝነት ሲውል ቃላቱ ሳይለወጡ ትርጉማቸው ዞረ። በቅርብ ዓመታት የድሮ ዘፈን ከተጠቀሙ ፊልሞች ይህን ያህል የተዋጣለት ማግኘት ይከብዳል፤ አብዛኞቹ ናፍቆት ይሸጣሉ።

በሜይ 2024 ኢላያራጃ ያለ ፈቃዴ ተጠቅማችኋል በሚል የሕግ ማስጠንቀቂያ ላከ፤ ፊልም ሠሪዎቹ መብቱን ከያዙት የሙዚቃ ኩባንያዎች ገዝተናል ብለው መለሱ። ለፊልም ሠሪ ትምህርቱ ተግባራዊ ነው። አንድ የተቀረጸ ዘፈን ሁለት መብት አለው፦ አንዱ የዜማውና የግጥሙ፣ ሌላው የቅጂው፣ ማለትም የተቀዳው ድምፅ። የድሮውን ቅጂ እንዳለ የሚጠቀም ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አስቀርጾ በአዲስ ድምፅ የሚያስዘፍን የመጀመሪያውን ብቻ። የቅጂው ባለቤት የዜማውንም መብት እሸጣለሁ ካለ ከደራሲው ጋር የፈረመውን ውል እንዲያሳይ ጠይቁ። የሕንድ የቅጂ መብት ሕግ በ2012 ሲሻሻል፣ ፊልሙ በሲኒማ ቤት ከሚታይበት ውጭ ላለው አጠቃቀም ዜማና ግጥም ደራሲዎች ሮያሊቲ (ሥራቸው ጥቅም ላይ ሲውል የሚከፈላቸውን ድርሻ) የማግኘት መብታቸውን አሳልፈው መስጠት እንዳይችሉ አድርጓል።

ጥያቄ፦ 200 ክሮር ሩፒ ገባ ሲባል ፕሮዲውሰሮቹ ያን ያህል ኪሳቸው ገባ ማለት ነው?

አይደለም። 1 ክሮር 10 ሚሊዮን ነው፤ 200 ክሮር 2 ቢሊዮን ሩፒ ይሆናል። «ማንጁመል ቦይስ» ይህን ወሰን ያለፈ የመጀመሪያው የማላያላም ፊልም ነው፤ በ2023 ክብረ ወሰኑን ይዞ የነበረውን ስለ ኬረላ ጎርፍ የሚናገረውን «2018»ን በልጦ። ቁጥሩ ግን ተመልካች መስኮት ላይ የከፈለው ጠቅላላ ነው።

አንድ ትኬት 150 ሩፒ ነው እንበል። በ2024 ከ100 ሩፒ በላይ በሆነ ትኬት ላይ 18 በመቶ የሸቀጥና አገልግሎት ግብር ነበር፤ 23 ሩፒ ወዲያው ይወጣል፣ 127 ይቀራል። የአካባቢ የመዝናኛ ግብር ባለበት ከዚያም ይቀነሳል። የቀረውን ሲኒማ ቤቱና አከፋፋዩ ይካፈላሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ለአከፋፋዩ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይደርሰዋል፣ በየሳምንቱ ድርሻው ይቀንሳል። ከዚያ የአከፋፋዩ ኮሚሽንና የማስታወቂያ ወጪ አለ። ስለዚህ ከ150 ሩፒ ለፕሮዲውሰሩ 50 ወይም 60 ቢደርስ ደህና ነው። የፊልሙ ወጪ ወደ 20 ክሮር እንደነበር ስለተዘገበ ያም ቢሆን ትርፉ ትልቅ ነው።

ገቢውን ከተለመደው ያወጣው ታሚል ናዱ ነው። ከዚያ ግዛት ብቻ ከ50 ክሮር በላይ አግኝቷል፤ አንድም የማላያላም ፊልም ከዚያ በፊት እዚያ አልደረሰም። ተራራው የእነሱ፣ ዘፈኑ የእነሱ፣ ዋሻው በእነሱ ኮከብ ፊልም የተሰየመ፣ ከንግግሩም ብዙው ታሚልኛ ነው። ካማል ሃሳን ራሱ የፊልሙን ሠሪዎች ተቀብሎ አነጋግሯቸዋል። ኋላ በ2025 «ኤል 2፦ ኤምፑራን» እና «ሎካ» የገቢ ክብረ ወሰኑን አልፈውታል፤ በዚያው ዓመት የ2024 ፊልሞች የኬረላ ግዛት ሽልማት ሲታወጅ ግን የምርጥ ፊልምና የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማቶችን የወሰደው «ማንጁመል ቦይስ» ነው።

ጥያቄ፦ በየትኛው ቋንቋ ልየው? በሂንዲ የተተረጎመም አለ።

በመጀመሪያው ድምፅ፣ ከሥር ጽሑፍ ጋር። ፊልሙ ከሜይ 5 ቀን 2024 ጀምሮ ያኔ ዲስኒ ፕላስ ሆትስታር ይባል በነበረው፣ ከ2025 ወዲህ ጂዮሆትስታር በተባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ በበርካታ ቋንቋዎች ወጥቷል፤ ነገር ግን በሂንዲው ድምፅ ሁሉም ሰው አንድ ቋንቋ ይናገራል። ልጆቹ በፖሊስ ጣቢያ በተሰባበረ ታሚልኛ ሲለምኑ፣ ፖሊሶቹ ሲቆጧቸውና ሲመቷቸው ጭንቀቱ የሚመጣው ከቋንቋው መራራቅ ነው። ማላያላምና ታሚልኛን መለየት ባይችሉ እንኳ ጆሮዎ ድምፁ ሲለወጥ ይሰማዋል፤ በተለይ የመጀመሪያው ልጅ ወደ ጣቢያው ሮጦ ሲገባ ያዳምጡ።